ቤተ ክርስቲያን በጎርፍ፣ በነፋስ ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ ሲጎዳ፦ የቱ እርዳታ ይቅደም?

የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ነሐሴ ገና መግባቱ ነበር። ከእናቴ አገር ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት የደብሩ ቄስ የሆኑት አጎቴ ናቸው። «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ራሷን ተገልጣ አደረች» አሉኝ። ሌሊቱን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጥቶ የጣሪያውን አንድ ጎን ከነሞራሌው ገንጥሎ ማሳ ውስጥ ጥሎታል። ካህናቱ በዚያ ዶፍ ታቦቱን አክብረው ወደ ዕቃ ቤቱ አስገብተዋል።

በተወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ወሬው ተሰማ። ብሩን ለመሰብሰብ ሁለት ቀን አልፈጀብንም። በሳምንቱ ቆርቆሮ ተጭኖ ሄደ። ፎቶም ተላከልን፤ የሚያብለጨልጭ አዲስ ጣሪያ። አለቀስን፣ ተመሰጋገንን። በዓመቱ፣ ያው ነሐሴ ላይ፣ አዲሱን ቆርቆሮ ነፋስ ወሰደው።

ምክንያቱን ያወቅነው አንድ አናጢ መሰላል አስደግፎ ከወጣ በኋላ ነው። ጣሪያውን የተሸከመውን እንጨት፣ ወራጁን፣ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ጣቱ ዘው አለ። ምስጥ ውስጡን በልቶ የቀረው ቅርፊቱ ብቻ ነበር። ሚስማሩ የያዘው እንጨት ሳይሆን ዱቄት ነው። የላክነው ቆርቆሮም 35 ጌጅ ነበር። የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ያኔ አናውቅም። ዋጋው ረከሰልን ብለን ተደስተን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሌሎች ሦስት አጥቢያዎች ጥገና ላይ እጄ አለበት። አንዱ ጎርፍ የገባበት ነው፤ አንዱ ግድግዳው የተሰነጠቀ፤ አንዱ ደግሞ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት ነው። በሁሉም ቦታ የሚነሱት ጥያቄዎች ያው ናቸው። እዛው ይሠራ ወይስ ቦታ ይቀየር? ይጠገን ወይስ ይፍረስ? ብር ይላክ ወይስ ዕቃ? በማን በኩል? እኔ የደረስኩበትን ከነምክንያቱ እነግራችኋለሁ።

እዛው መሥራት ወይስ ቦታ መቀየር

ከሁሉ በፊት መሬቱ ይታይ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተናደና ሰዎች ተቀበሩ። ጎረቤት ሊያወጣቸው እየሮጠ መጣ። በመቆፈር ላይ እያሉ መሬቱ እንደገና ተንዶ የሚያድኑትንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ስለዚህ የመሬት መንሸራተት የነካው ግቢ ውስጥ ፍርስራሽ ለማንሳት ምእመኑን አትጥሩ። ቀድሞ አንድ የሚያውቅ ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ቁልቁለቱን ይይ። አዲስ የተሰነጠቀ መሬት፣ ያዘመመ ዛፍ፣ ትናንት ያልነበረ ምንጭ ካለ ተራራው ገና አልጨረሰም ማለት ነው።

በእንዲህ ያለ ቦታ የእኔ ምርጫ ቁርጥ ያለ ነው፤ ይነሣ። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የአባቶች መቃብር እዛ ነው። ጸበሉም ዛፉም እዛ ነው። የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መሬት ደግሞ ከወረዳው መገኘት አለበት። ቢሆንም ቁልቁለት ሥር ሕዝብ ሰብስቦ ማስቀደስ አይቻልም።

ጎርፍ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወስዷል። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ የሚታይበት ደረቅ ወንዝ ነው። «ወንዙኮ ደረቅ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት። የቦታውን ጠባይ የሚያውቁ አዛውንት ፈልጉና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ውኃው በሕይወት ዘመንዎ እስከየት ደርሷል? በእጃቸው ያሳዩዋችሁ። ውኃው ተኝቶ የሚመጣና ጉልበት የማያልፍ ከሆነ እዛው መቆየት ይቻላል። መሠረቱን ከፍ ማድረግና ግቢውን በቦይ መክበብ ይበቃል። ድንጋይ እያንከባለለ የሚመጣ ጎርፍ ከሆነ ግን በቦይ አይመለስም።

የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ ሌላ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ከርሟል። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተነሥቷል። ከዚያ በፊት በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷታል። ስምጥ ሸለቆውና ጠርዙ እንዲህ ነው፤ ወደፊትም ይንቀጠቀጣል። ከዚህ ተነሥቶ 500 ሜትር ወዲያ መሄድ ትርጉም የለውም። መሬቱ ራሱ ካልተሰነጠቀ እዛው ይሠራ፤ አሠራሩ ግን ይለወጥ።

መቃኞ ወይስ በቀጥታ ዋናው ሕንፃ

መቃኞ የሚለው ቃል ራሱ ደስ ይለኛል። ዋናው ቤተ ክርስቲያን እስኪሠራ ታቦቱ የሚያርፍበት ትንሽ ቤት ነው። አባቶቻችን ይህን መላ ያገኙት ከጥንት ነው። ዛሬ ግን ብዙ ኮሚቴ «በመቃኞ ብር አናባክንም፤ በቀጥታ ዋናውን እንጀምር» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም።

በጃፓን የሆነውን ላንሳ። በጥር 1995 እ.ኤ.አ. ኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ታካቶሪ የሚባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በተነሣው እሳት ተቃጠለ። ከምእመናኑ ብዙዎቹ ከቬትናም የተሰደዱ ነበሩ። ሺጌሩ ባን የሚባል አርክቴክት መጥቶ ከወረቀት ጥቅል ቱቦዎች መሰብሰቢያ ሠራላቸው። ሥራውን የሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የጨረሱትም በአምስት ሳምንት ነው። ያ የወረቀት ቤት አሥር ዓመት አገለገለ። ከዚያ ተፈታ፤ ወደ ታይዋን ተጭኖ ሄደና በ1999 እ.ኤ.አ. መንቀጥቀጥ በተጎዳ አካባቢ እንደገና ተተከለ። ጊዜያዊ ነው የተባለው ቤት ሁለት ሕዝብ ጠቀመ።

መቃኞ ስትሠሩ ይህን አስቡ። ቆርቆሮውን ሳትቆርጡ በሙሉ ርዝመቱ ግጠሙት። እንጨቱን በሚስማር ከምትቸነክሩት በቡሎን እሰሩት። ነገ ሲፈታ አንዱም አይባክንም፤ ለዋናው ሕንፃ ወይም ለአብነት ተማሪዎች ጎጆ ይውላል። በተጨማሪ ዋናውን ሕንፃ በጥድፊያ ከመጀመር ያድናችኋል። ሕዝቡ የሚያስቀድስበት ካለው ኮሚቴው አይዋከብም።

ሸራስ? ሸራ ለአንድ ወር ጥሩ ነው፤ ከዚያ ፀሐይ ይጨርሰዋል። ግን የመጀመሪያው ቀን መግዛት ያለባችሁ እርሱን ነው። የጭቃ ግድግዳ ጣሪያ ካጣ በክረምት ዕድሜው አጭር ነው። ዝናቡ ከላይ ገብቶ ጭቃውን እያጠበ ጨፈቃውን ያራቁተዋል። ግድግዳው አናቱ ላይ እንኳ ከተሸፈነ ይተርፋል። በእናቴ አገር ይህን ስላላደረግን ሊጠገን የሚችል ግድግዳ አንድ ጎኑ ተበላ።

መቃኞ አንድ አደጋ አለው፤ ሳይታሰብ ቋሚ ሆኖ ይቀራል። የላሊበላን መጠለያዎች ያየ ያውቀዋል። ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ዝናብ ለመከላከል በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተተከሉት ትላልቅ ክዳኖች ጊዜያዊ ተብለው ነበር። ዓመታት አለፉ፤ የከተማው ሕዝብም ክብደታቸው ቅርሱን እንዳይጎዳው እየሰጋ በ2011 ዓ.ም. አደባባይ ወጣ። ስለዚህ መቃኞው ሲሠራ የሚፈታበት ዓመት በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ።

መጠገን ወይስ አፍርሶ መሥራት

ትልቁ ጭቅጭቅ እዚህ ላይ ነው። ከውጭ ብር ሲመጣ የመጀመሪያው ሐሳብ «አሮጌውን አፍርሰን ትልቅ ሕንፃ እንሥራ» ነው። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ አልጠራጠርም። ግን በየመንገዱ ዳር የምናየውን አስቡ። ኮለኑ ቆሞ፣ ፌሮው ዝጎ ሰማይ እያየ፣ ዓመት ከዓመት «ለሕንፃ ማስፈጸሚያ» የሚለመንለት ስንት ቤተ ክርስቲያን አለ? አሮጌው ፈርሷል፤ አዲሱ አላለቀም። ሕዝቡ በድንኳን ያስቀድሳል።

ሀብታም አገርም ከዚህ አያመልጥም። በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. በኒው ዚላንድ የክራይስትቸርች ከተማ 6.3 በሆነ መንቀጥቀጥ ተመታች፤ 185 ሰው ሞተ። የመሐል ከተማው የአንግሊካን ካቴድራል ማማ ወደቀ። ሀገረ ስብከቱ አፍርሶ አዲስ መሥራት ፈለገ። የቅርስ ተቆርቋሪዎች ይጠገን ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ክርክሩ ስድስት ዓመት ፈጀ። በ2017 ይጠገን ተብሎ ተወሰነ። ያኔ የተገመተው ወጪ 104 ሚሊዮን የኒው ዚላንድ ዶላር ገደማ ነበር። በ2024 ግምቱ ወደ 248 ሚሊዮን ደረሰና ገንዘብ ስላጠረ ሥራው ቆመ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምእመኑን ያስጠለለው ያው ሺጌሩ ባን የሠራው፣ 700 ሰው የሚይዝ የካርቶን ካቴድራል ነው። እርሱ በ2013 ተከፍቷል።

እዚህ ላይ «እንግዲያው መጠገን ከማፍረስ ይብሳል» የሚል ይኖራል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። ተከራካሪዎቹ ስድስት ዓመት ሲሟገቱ ዋጋው ቆሞ አልጠበቃቸውም። ይጠገንም ይፍረስም፣ ውሳኔው በመጀመሪያዎቹ ወራት በባለሙያ ሰነድ ላይ ተመሥርቶ ቢሰጥ ኖሮ ብዙ ወጪ ይድን ነበር።

በፊሊፒንስ ደግሞ ተቃራኒው ሆኗል። ጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. ቦሆል ደሴት 7.2 በሆነ መንቀጥቀጥ ስትናወጥ የሎን ከተማ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ክምር ድንጋይ ሆነ። ፍርስራሹ ግን በገልባጭ መኪና ተጭኖ አልተጣለም። ከዚያው ድንጋይ መልሰው ሠሩትና በ2021 ተከፈተ። ስለዚህ ድንጋይ፣ መቃን፣ በርና መስኮት አትጣሉ። በግቢው አንድ ጥግ ከምራችሁ ሸፍኑት። የወይራ ምሰሶ ዛሬ ገበያ ወጥታችሁ የምታገኙት ዕቃ አይደለም።

ታዲያ እንዴት ይወሰን? መጀመሪያ የግድግዳውን ጥጎች እዩ። ሁለት ግድግዳ የሚገናኙበት ጥግ ከላይ እስከ ታች ከተለያየ ነገሩ ከባድ ነው። ልስኑ ላይ ብቻ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ግን አያስፈራም። ስንጥቁ እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በስንጥቁ ላይ አግድም የጣት ወርድ ያህል ጀሶ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። ከወር በኋላ ጀሶው ከተሰበረ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው። ካልተሰበረ ቆሟል፤ መጠገን ይቻላል። እኛ በአንዱ አጥቢያ ይህን ስናደርግ ዲያቆኑ በየሳምንቱ ፎቶ ይልክልን ነበር። ጀሶው ሦስት ወር ሳይሰበር ቆየ። አፍርሱ ብለው የነበሩት ሰዎች ይህን ሲያዩ ሐሳባቸውን ለወጡ።

ቀጥሎ መሠረቱ። ጎርፍ ሥሩን ቦርቡሮት ከሆነ ከላይ የሚደረግ ጥገና ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ እንጨቱ፤ ምሰሶዎቹ ከመሬት የሚገናኙበት ቦታ በቢላ ይወጋ። ግማሾቹ ደህና ከሆኑ የተበሉትን ብቻ መቀየር ይቻላል። ሁሉም ከተበሉ፣ ጥጎቹም ከተለያዩ፣ መሠረቱም ከሄደ፣ ያን ጊዜ እኔም አፍርሱ ከሚሉት ጋር ነኝ። ለአሮጌው ሕንፃ እየሳሳን ነገ ልጆች ላይ እንዲወድቅ አንፍቀድ።

አዲስ ሲሠራ በተለይ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ግሬድ ቢሙና ቶፕ ታይ ቢሙ (በግድግዳው ሥርና አናት ላይ የሚዞሩት የኮንክሪት ማሰሪያዎች) አይቀነሱ። ብር ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሱት እነርሱ ናቸው። ግድግዳውን እንደ መቀነት አስረው የሚይዙት ግን እነርሱ ናቸው። የጥንቶቹም ይህ ጠፍቷቸው አልነበረም። ይምርሐነ ክርስቶስን ሄዳችሁ እዩ። ድንጋዩና እንጨቱ ተራ በተራ ተደርድሯል፤ እንጨቱ ድንጋዩን ያስራል።

ስለ ሲሚንቶ አንድ ነገር ልበል። በጭቃና በኖራ የተሠራ አሮጌ ግድግዳ በሲሚንቶ አይለሰን። ግድግዳው ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል። እርጥበቱ ውስጥ ይቀርና ልስኑን ከነጭቃው ይዞ ይወርዳል። ላሊበላም ይህን አይታለች። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጥገና ተብሎ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ በሳንድሮ አንጀሊኒ የሚመራ ቡድን መጥቶ ያንን በትዕግሥት ሲያነሣ ኖረ። ስለዚህ ጭቃን በጭቃ፣ ኖራን በኖራ ጠግኑ።

ሕንፃው ጥንታዊ ከሆነ ደግሞ የእናንተ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይጠገንም። ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል፤ ቢሆንም ጠብቁ። በዚያ መሐል ሸራችሁን ዘርጉ።

ከግድግዳው በፊት ደግሞ የሚደርሱለት ነገር አለ። የረጠበ ብራና ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ይኮማተራል። ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ቀስ ብሎ ይድረቅ። የተጣበቀ ገጽ በጉልበት አይላቀቅ። በጨርቅ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ካለ «እናድነው» ብላችሁ አትገንጥሉት። በጎንደርና በጣና ዙሪያ እንዲህ ያለው ብዙ ነው። ከላዩ ሸፍኑና ባለሙያ ጥሩ። መቅደስ ውስጥ ያለውን ደግሞ ካህናቱ ያውቁበታል። ረዳቱ መሐንዲስም ቢሆን «አባ፣ እስከየት ልግባ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ብር፣ ዕቃ፣ ጉልበት ወይስ ሙያ

ብር ከዕቃ ይሻላል። ዕቃ የሚሻለው ከቦታው በዝርዝር ሲጠየቅና እዛ ገበያ ላይ ሲጠፋ ብቻ ነው። ያለበለዚያ የጭነት መኪና ኪራዩ ቆርቆሮውን ያህላል። ቆርቆሮ የምትልኩ ከሆነ ግን 28 ወይም 30 ጌጅ ይሁን። የጣሪያ ሚስማሩን ከነላስቲኩ፣ ማሰሪያ ሽቦውንም አትርሱ። ቁጥሩን ከመጨመር ውፍረቱን ጨምሩ።

ጉልበት አገሬው አለው። ደቦ የሚወጣው ሰው ድንጋይ ማመላለስ፣ ጭቃ ማቡካት፣ ውኃ መቅዳት ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ወሎ ውስጥ ሙስሊም ጎረቤቶች ለቤተ ክርስቲያን ሥራ እንጨት ተሸክመው መምጣታቸው፣ ክርስቲያኖችም ለመስጊድ እንዲሁ ማድረጋቸው የኖረ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተከራይቶ 40 ወጣት መውሰድ በረከት አለው፤ አልቃወምም። ግን የኪራዩና የስንቁ ወጪ ሲደመር አንድ መሐንዲስና አንድ ጥሩ አናጢ ለሳምንት ያስቀጥራል። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጣል። በእናቴ አገር የጎደለን ቆርቆሮ አልነበረም፤ መሰላል ላይ የሚወጣ አንድ ሰው ነበር።

መሐንዲስ የሆናችሁ፣ ወደ አገር ስትመጡ ሁለት ቀን ስጡ። ግድግዳውን ለኩ፣ ፎቶ አንሡ፣ አንድ ገጽ ጻፉ። ያ አንድ ገጽ ኮሚቴውን ከስንት ጭቅጭቅ ያድነዋል።

እዚህ ላይ የሚያስጨንቅ ጥያቄ አለ። ቤተ ክርስቲያኑን ያፈረሰው ጎርፍ የሰውን ቤትም አፍርሷል። ለየቱ ይላክ? እኔ የምለው ይህ ነው። ለሰው ምግብና መጠለያ ይቅደም፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ሸራና መቃኞ በዚያው ሳምንት ይድረስ። ዋናው ግንባታ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ይጀመር። ቤቱ ገና ያልተከደነ ሰው ለሕንፃ አዋጡ ሲባል አያምርም።

በማን በኩል ይሂድ

በጣም ፈጣኑና ቅርቡ የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ነው። በሥሩ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ይቋቋማል። ጥቅሙ ችግሩን በዓይኑ የሚያየው ሰው ራሱ መወሰኑ ነው። የባንክ ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት ብትሆን ደግሞ እመርጣለሁ። ባየሁት ሁሉ ደረሰኝ አጣጥፈው በመሐረብ ቋጥረው የሚያስቀምጡት እናቶች ናቸው።

ሀገረ ስብከቱ ይዘገያል። ግን ሥልጣኑ እርሱ ጋ ነው። ለማፍረስ፣ ቦታ ለመቀየር፣ አዲስ መሠረት ለመጣል ያለ እርሱ አይሆንም። ስለዚህ ለጣሪያ ጥገና በሰበካ ጉባኤው፣ ለአዲስ ሕንፃ ግን ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ ሀገረ ስብከቱን ይዛችሁ ሂዱ። በመጨረሻ ቅዳሴ ቤቱን የሚያከብሩትም ሊቀ ጳጳሱ ናቸው።

አደጋው ሰፊ ሆኖ ወረዳ ሙሉ ከነካ ትልቅ ተቋም ያስፈልጋል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን፣ የመካነ ኢየሱስ የልማትና ማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽን፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ካሪታስ ልምዱ አላቸው። ሥራቸው ግን በዋናነት ሰውን መርዳት ነው፤ ትክክልም ነው። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ እንዲሠሩላችሁ አትጠብቁ። ለገዳማትና ለአብነት ትምህርት ቤቶች ከሆነ ማኅበረ ቅዱሳን በፕሮጀክት ሲሠራ ቆይቷል።

በኢንተርኔት በአንድ ሰው ስም የሚከፈት መዋጮ ፈጣን ነው። እኔም ሰጥቼ አውቃለሁ። ሦስት ነገር ካላየሁ ግን አልሰጥም። የአጥቢያው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ ብሩ የሚገባበት የቤተ ክርስቲያኑ ሂሳብ፣ ቀን ያለበት ፎቶ። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፦ በቀጥታ ኢትዮጵያ ላለ ቤተ ክርስቲያን የሰጣችሁት ከግብር አይቀነስላችሁም። እዛው በተመዘገበ ድርጅት በኩል፣ ድርጅቱ ራሱ ወጪውን እየተቆጣጠረ ከሄደ ግን ይቀነሳል።

አሜሪካ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ራሱ ሲጎዳ

ሂዩስተን ወይም ፍሎሪዳ ያላችሁ ይህን አንብቡ። መደበኛው የሕንፃ ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። ለብቻ መገዛት አለበት። በመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለሕንፃው እስከ 500,000 ዶላር፣ ለዕቃው ሌላ እስከ 500,000 ዶላር መግዛት ይቻላል። ከተገዛ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ካልሞላ አይሠራም። ማዕበሉ በቴሌቪዥን ሲታይ መደወል ዋጋ የለውም። ሕንፃውን ተከራይታችሁ ከሆነም የእናንተን ንዋየ ቅድሳት የአከራዩ ኢንሹራንስ አይከፍልላችሁም።

ፌማ (የአሜሪካ መንግሥት የአደጋ ጊዜ እርዳታ መሥሪያ ቤት) ቀድሞ በዋናነት ለአምልኮ የሚውሉ ሕንፃዎችን አይረዳም ነበር። በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ሃሪኬን ሃርቪ ቴክሳስን ከመታ በኋላ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ከሰሱ። በጥር 2018 ደንቡ ተለወጠና የአምልኮ ቤቶችም ማመልከት ቻሉ። ማመልከቻው የሚገባው አካባቢያችሁ በአደጋ ክልልነት ከታወጀ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ለቋሚ ጥገና ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የኤስ.ቢ.ኤ. (የአሜሪካ መንግሥት የአነስተኛ ንግዶች አስተዳደር) የአደጋ ብድር መጠየቅን ይጠይቃል። ኢንሹራንስ ካለ ፌማ በላዩ ላይ ደርቦ አይከፍልም። ስለዚህ ኢንሹራንስ የመጀመሪያው፣ ብድርና ፌማ ቀጣዩ፣ የምእመኑ መዋጮ ደግሞ ክፍተቱን መሙያ ይሁን። ብዙዎቻችን የምናደርገው የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ምእመኑ ጋ እንሄዳለን።

ክፍያውን እንዴት መክፈል ይሻላል

በአንዴ ወይስ በየደረጃው? በየደረጃው። ሲጀመር ለእንጨትና ለቁሳቁስ፣ ሲጋመስ ለጉልበት፣ ሲያልቅ የተወሰነው። ከጠቅላላው አንድ አሥረኛውን ግን ክረምት እስኪያልፍ ያዙት። ይህንንም ከአናጢው ጋር ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ፤ በኋላ የሚነገር ከሆነ ቅሬታ ያመጣል።

በእናቴ አገር ሁለተኛውን ጣሪያ ስንሠራ ያደረግነው ይህን ነበር። ወራጁ ተቀየረ፣ የምስጥ መድኃኒት ተቀባ፣ ቆርቆሮው 28 ጌጅ ሆነ፣ ሞራሌው በሽቦ ከግድግዳው አናት ጋር ታሰረ። መስከረም ሲጠባ አጎቴ ምንጣፉን አስነሥተው ወለሉ ላይ ደቃቅ አፈር ነሰነሱ። የመጨረሻው ትልቅ ዝናብ በዘነበ ማግስት ጠዋት ኩራዝ ይዘው ገቡና አፈሩን አጎንብሰው አንድ በአንድ አዩት። በደቡቡ በር አጠገብ አንድ ቦታ ላይ የጠብታ ምልክት አገኙ። አናጢው ተጠርቶ ወጣ፤ ላስቲክ የጎደለው አንድ ሚስማር ነበር። እርሱን ቀየረ። በማግስቱ የቀረውን ብር ላክንለት።